መጽሐፍ መዋስና መጽሐፍ መመለስ

ሰው ከሰው የሚዋሰው ነገር ብዙ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ወንፊት ይዋሳል፤ ሙቀጫ ይዋሳል፤ ድግስ በሆነ ጊዜም ድስትና ወንበር ይዋሳል። ይህን የተዋሰ ሰው ሳይመልስ ቢቀር ባለቤቲቱ ልጅ ትልካለች፤ ልጁ ባዶ እጁን ቢመለስ ደግሞ ራስዋ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። ወንፊት ተውሶ ሦስት ዓመት ያስቀመጠ ሰው በሰፈሩ ስሙ ይጠፋል። መጽሐፍ ተውሶ ዐሥር ዓመት ያስቀመጠ ሰው ግን አንባቢ ይባላል።

ያማርኛ ቋንቋ በዚህ ነገር እጅግ ጥንቁቅ ነው፤ ብድርንና ውሰትን ለያይቶ ያያልና። ገንዘብና እህል የሚሰጠው በብድር ነው። ተበዳሪው የወሰደውን ብር ይከፍልበታል፥ የወሰደውንም ጤፍ ይበላዋል፤ የሚመልሰውም በቍጥርና በስፍር የተካከለ ሌላ ብርና ሌላ ጤፍ ነው። ዕቃ ግን የሚሰጠው በውሰት ነው፤ የሚመለሰውም ያው የተወሰደው ዕቃ ራሱ ነው። መጽሐፍ ውሰት መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። በሥራ ሲታይ ግን መጽሐፍ ብድርም ውሰትም ሳይሆን፥ ሰጪው ሳያውቀው የተሰጠ ስጦታ ሆኖ ይቀራል።

መጽሐፉን መልስ የተባለ ሰው የሚሰጠው ምክንያት በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «ገና አልጨረስሁትም» ይላል፤ ይህም እውነት ነው፥ ገና አልጀመረውምና። ሁለተኛው «ወዳጄ አይቶ ስለ ለመነኝ ሰጠሁት» ብሎ የሰውን ንብረት በመቸሩ ምስጋና ይጠብቃል። ሦስተኛው «ለካ ያንተ ኖሯል!» ብሎ ከባለቤቱ ይልቅ ይደነቃል። አራተኛው ደግሞ «በእኔ ዘንድ መቀመጡ ይሻለዋል፤ በእናንተ ቤት አይጥና እርጥበት አለ» ይላል። ይህ የአራተኛው ሰው ቃል ወደ ኋላ በታላቅ መንግሥት አገርም ሲነገር ይገኛልና አንባቢ ልብ ይበለው።

የቀድሞ ጸሐፍት ይህን የሰው ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። በብራና ዘመን መጽሐፍ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ፍየሉ ይታረዳል፤ ቆዳው ይነከራል፥ ይወጠራል፥ ይፋቃል፤ ቀለሙ ይበጠበጣል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል፤ ከዚያም በኋላ ጸሐፊው በጕልበቱ ላይ ዘርግቶ ወራት ሙሉ ይደክማል። ስለዚህ ሥራው ሲፈጸም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያስጻፈውን ሰው ስምና መጽሐፉ የተሰጠበትን ደብር ይጽፋል፤ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ ሰውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ግዝት ይጨምርበታል። «የሰረቀ» መባሉ ግልጽ ነው። «የፋቀ» የተባለውም የሌባው የመጀመሪያ ሥራ የባለቤቱን ስም በምላጭ ፍቆ የራሱን ስም መጻፍ ስለ ሆነ ነው። ግዝቱ የተጻፈው ለሥጋት ብቻ እንዳልነበረ የሚያስረዱ፥ የፊተኛው ስም ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም የገባባቸው ብዙ የብራና መጻሕፍት ዛሬም ይገኛሉ።

የታተመ መጽሐፍ ግዝት የለበትም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው የሚል ቃል ይታተምበታል፤ ነገር ግን ይህ ቃል ደራሲውንና አሳታሚውን እንጂ ለወዳጁ ያዋሰውን ሰው አይጠብቀውም። ያዋሰ ሰው ተስፋው በተዋሰው ሰው ኅሊና ላይ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው በብዙ ቤት የሚሆን ነገር ስለ ሆነ የባለ ነገሮቹን ስም መጥራት አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ መሪጌታ በ2006 ዓመተ ምሕረት ለአንድ የመሥሪያ ቤት ሹም መጽሐፍ አዋሱ። መጽሐፉም የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» ነበረ።

ይህን መጽሐፍ የማያውቅ የግዕዝ ተማሪ የለም፤ የታሪኩ ነገር ግን ከቃላቱ ባላነሰ ያስተምራል። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። እርሳቸው ሳይፈጽሙት ስለ ቀሩ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድም ዕድሜያቸውን በዚሁ ሥራ ፈጅተው፥ የታተመውን መጽሐፍ በዓይናቸው ሳያዩ በ1936 ዓመተ ምሕረት ዐረፉ። አደራው ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ፤ እርሳቸውም አዘጋጅተው በ1948 ዓመተ ምሕረት አሳተሙት። እንግዲህ አንድን ሥራ ሦስት ሰዎች እጅ በእጅ ተቀባብለው ከፍጻሜ አደረሱት፤ የኋለኛውም የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን አላገባም። አለቃ ደስታ የራሳቸውን ታላቅ ሥራ፥ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» የተባለውን፥ ያሳተሙት የመምህራቸውን አደራ ከከፈሉ በኋላ በ1962 ዓመተ ምሕረት ነው።

መጽሐፉ ሰዋስውን አስቀድሞ ግሱንና ቃላቱን ያስከትላል፤ የግዕዙን ቃልም ባማርኛ ይፈታል። ደራሲው ስሕተት ያዩበትን ሰው ሲነቅፉ ቃላቸው አይለዝብም፤ መዝገበ ቃላት እያነበበ ፈገግ የሚል ሰው ቢገኝ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ነው። ለጀማሪ አንድ ችግር አለበት፤ ቃላቱ የተሰደሩት በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የሚፈልገውን ቃል አጥቶ መጽሐፉን ያማል።

ሹሙ የገጠማቸው ይኸው ነው። ለመሥሪያ ቤታቸው በዓል አንድ የግዕዝ ቃል ስለ ፈለጉ «ለሦስት ቀን ብቻ ነው፥ አባቴ» ብለው መጽሐፉን ወሰዱ። ቃሉ በሀ የሚጀምር ነበር። ሹሙም ከመጀመሪያው ገልጠው ቢፈልጉ ሀን አጡት፤ በአበገደ ተራ ሀ አምስተኛ ነውና። ስሕተቱ የማተሚያ ቤቱ ስለ መሰላቸው መጽሐፉን ዘግተው በእንግዳ መቀበያው ክፍል በመደርደሪያ ላይ አኖሩት። ያን ቀን የተዘጋው መጽሐፍ 5 ዓመት አልተከፈተም። መጠኑ ሰፊና የተደላደለ ስለ ነበረ ግን የቤቱ ሰዎች የአበባ ማስቀመጫ አደረጉበት።

መሪጌታው በዚህ ጊዜ ሁሉ አልተኙም። በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ከመምህራቸው የሰሙትን የቃል ትርጓሜ በእርሳስ ጽፈውበት ነበር። መጽሐፉ ዳግመኛ በገበያ ቢገኝ ይገዛ ይሆናል፤ በኅዳጉ የተጻፈው ግን አይገዛም፥ መምህሩ ሞተዋልና። ደቀ መዛሙርታቸው የከበደ ቃል ሲጠይቋቸው «መጽሐፉ ሲመጣ እናየዋለን» እያሉ ይመልሱ ነበር፤ ከደቀ መዛሙርቱም አንዳንዶቹ መጽሐፉ ሳይመጣ ትምህርታቸውን ፈጽመው ሄዱ። መሪጌታው ሁለት ጊዜ መጽሐፉን ለመጠየቅ ወደ ሹሙ ቤት ሄደው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ይሉኝታ ያዛቸውና ስለ ሹሙ ጤና ጠይቀው ተመለሱ።

በ2011 ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር የእንግሊዝ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደውን የዐፄ ቴዎድሮስን ጠጕር ለኢትዮጵያ መለሰ። ወሬው በተሰማ ሰሞን፥ በመጋቢት ሚካኤል፥ ሹሙ ዝክር ነበራቸውና መሪጌታው ተጠሩ። ጾም ስለ ነበረ በገበታው ላይ የቀረበው ሽሮና ክክ ነው፤ ጨዋታው ግን እንደ ፍስክ ደመቀ። ሹሙም «ጠጕሩስ ተመለሰ፤ መጻሕፍቱ መቼ ነው የሚመለሱት? ከ150 ዓመት በላይ የሰው መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ምን ያለ ድፍረት ነው!» አሉ። እንግዶቹ ሁሉ «እውነት ነው» አሉ። መሪጌታውም «እውነት ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከሹሙ ራስ በላይ ወደ አበባው ማስቀመጫ ይመለከት ነበር።

የሹሙ ክርክር በራሱ ሐሰት አልነበረበትም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ ወር 1860 ዓመተ ምሕረት ንጉሡ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ሠራዊት የመቅደላን ዕቃ ዘረፈ። ዘረፋው 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስጫነ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ላይም በጨረታ ተሸጠና ገንዘቡ ለወታደሮች ተከፋፈለ። ከሠራዊቱ ጋር የተላከ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበረ፤ በጨረታው ላይ ለሙዚየሙ የገዛም እርሱ ነው። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹ በትግራይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ሲሰጡ 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ሄዱ። ከ1973 ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እነዚህ መጻሕፍት በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

እዚህ ላይ እውነት የሚወድ ሰው አንድ ነገር መጨመር አለበት። በመቅደላ የተገኙት መጻሕፍት ሁሉ በመቅደላ የተጻፉ አልነበሩም። ንጉሡ በ1859 ዓመተ ምሕረት የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት አስወስደው ነበር። የጎንደር ካህናትም መጽሐፋቸው እንግሊዝ ሳይመጣ አስቀድሞ ከእጃቸው እንደ ወጣ ያውቁ ነበር። ይህ የእንግሊዝን ሠራዊት ሥራ ንጹሕ አያደርገውም፤ የሚያሳየው ነገር ቢኖር መጽሐፍ ከባለቤቱ እጅ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚደርስ ማንም አለማወቁን ነው።

መጻሕፍቱ ከሄዱ ከአራት ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ ወር 1864 ዓመተ ምሕረት፥ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው «ዕቃችንን መልሱ» ብሎ በጅምላ የሚጮኽ አልነበረም። ሁለት ነገር በስማቸው ጠርቶ ለመነ፤ አንደኛው ክብረ ነገሥት፥ ሁለተኛው ኵርዐተ ርእሱ የተባለው የጌታ ሥዕል። ስለ ክብረ ነገሥትም ሲያስረዱ መጽሐፉ ከሌለ ሕዝባቸው ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ገለጡ። ሙዚየሙ ክብረ ነገሥት ሁለት ነበረውና አንዱን ለራሱ አስቀርቶ ሁለተኛውን በታኅሣሥ ወር 1865 ዓመተ ምሕረት መለሰ፤ መመለሱንም በመጽሐፉ ላይ ጻፈበት። ግዝት በሚጻፍበት ስፍራ የመመለስ ቃል ተጽፎበት ወደ አገሩ የገባ መጽሐፍ ይህ ነው።

ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን ተፈልጎ አልተገኘም የሚል ነበር። ሥዕሉ ያን ጊዜ በሪቻርድ ሆልምስ እጅ ነበረ፤ ለሙዚየሙ ሳይሰጥ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና። ሆልምስም ከ1870 ጀምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዊንድዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ሹም ነበረ። ንግሥቲቱ «አላገኘንም» ብላ የጻፈችለት ሥዕል በገዛ ሎሌዋ ቤት ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ነገሩ ለሁሉ የተገለጠው በ1905 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የሥዕሉ ፎቶግራፍ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ታትሞ በወጣ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ዐፄ ዮሐንስም ንግሥት ቪክቶሪያም በሕይወት አልነበሩም።

የቀሩትን መጻሕፍት በሚመለከት የሚሰጠው ምክንያት ከላይ ከተነገረው ከአራተኛው ተዋሽ ምክንያት ብዙ አይርቅም፤ በእነርሱ ዘንድ ከእርጥበትና ከእሳት ተጠብቀዋል ይባላል። በእርግጥም ተጠብቀዋል፤ ይህን መካድ ፍርድ ማጓደል ነው። ከዚህም ሌላ በ1963 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣ ሕግ ብሪቲሽ ሙዚየም ከስብስቡ ዕቃ እንዳያወጣ፥ ከጥቂት ምክንያት በቀር፥ ይከለክለዋል። ወንፊት የተዋሰች ጎረቤት «ከዚህ ቤት ወንፊት እንዳይወጣ ሕግ አውጥተናል» ብላ ብትመልስ የሰፈሩ ሰው ምን ይል እንደ ነበረ አንባቢ ይፍረድ።

መሪጌታው በገበታው ላይ የተናገሩት የዚህን የኵርዐተ ርእሱን ታሪክ ነው። ሹሙ በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቈጡ። «በገዛ ሎሌዋ ቤት ተቀምጦ የለም ይባላል? ይህ ምን ያለ ነውር ነው!» አሉ።

መሪጌታውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ንግሥቲቱ ባታውቅ ይሆናል፥ ጌታዬ፤ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ዘመን ከቈየ ዓይን ይለምደዋል፤ የቤቱ ባለቤትም የራሱ ይመስለዋል» አሉ።

ሹሙ የመሪጌታውን ዓይን ተከትለው ወደ ላይ ተመለከቱ። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም ከወንበራቸው ተነሥተው አበባውን አወረዱና መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉት። የመጀመሪያውን ቅጠል ቢገልጡ የመሪጌታው ስም በጥቍር ቀለም ተጽፎበት አገኙ። በልባሱ ላይ የአበባው ውኃ ክብ አድርጎ አበላሽቶት ነበር፤ በኅዳጉ ያለው የእርሳስ ጽሕፈት ግን እንደ ነበረ ነው።

«አባቴ፥ ለምን አልጠየቁኝም?» አሉ ሹሙ።

«ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር፥ ጌታዬ፤ ጤናዎን ጠይቄ ሄድሁ።»

እንግዶቹ ሣቁ፤ ሹሙም ከሣቁት ጋር ሣቁ፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ስለ እንግሊዝ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ከዚህ ነገር የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን ነው። የተዋሰ ሰው ሳይጠየቅ ሊመልስ ይገባዋል፤ ይህ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ያዋሰ ሰውም ድርሻ አለበት፤ ይኸውም እንደ ዐፄ ዮሐንስ የጠፋበትን ነገር በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ነው። በጅምላ ማዘን ምንም አይመልስም፤ በስም የተጠራው ክብረ ነገሥት ግን ተመለሰ። በስም ለመጥራት ደግሞ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል። ሎንዶን የገቡትን የኢትዮጵያ መጻሕፍት ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ አንድ በአንድ ቈጥሮ ዝርዝራቸውን በ1877 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አሳተመ። በአገር ውስጥ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓመተ ምሕረት እስኪያሳትሙ ድረስ፥ የወሰደው ሰው መዝገብ ሲኖረው የተወሰደበት ሰው አልነበረውም። ኅሩይ በ1920 ዓመተ ምሕረት ዝርዝሩን አስፍተው ደግመው አሳተሙት። ከዚያም በኋላ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወደ 9000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በየገዳማቱና በየአድባራቱ በማይክሮፊልም ተነሡ። ይህ የመዋስ ሁሉ መልካሙ መንገድ ነው፤ ሥዕሉ ይሄዳል፥ መጽሐፉ ግን ከባለቤቱ ዘንድ ይቀራል።

እንግዲህ መሥሪያ ቤት የመጻሕፍት መዝገብ ይኑረው፤ የወጣበትና የገባበት ቀን ይጻፍበት። ደብርም ዕቃ ቤቱን በየዓመቱ ይቍጠር። ተራው ሰው ደግሞ በቤቱ አንዲት ደብተር ትበቃዋለች፤ በአንድ ወገን ያዋሰውን፥ በሁለተኛው ወገን የተዋሰውን ይጻፍ። ሁለተኛውን ወገን ለመጻፍ እጁ የሚከብደው ሰው ካለ ወደ መደርደሪያው ቀና ብሎ ይመልከት።

መሪጌታው በዚያ ምሽት መዝገበ ቃላታቸውን በብብታቸው ይዘው ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። ወደ ቀድሞ ስፍራው ሊመልሱት ቢሉ ግን ስፍራው ተይዞ አገኙት። በዚያ የተቀመጠው መጽሐፍ በ1999 ዓመተ ምሕረት ከአንድ የቅኔ ጓደኛቸው ለአንድ ሳምንት ብለው የተዋሱት ነበረ። መሪጌታው መጽሐፉን አውርደው ጥቂት ጊዜ በእጃቸው ያዙት። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላቸውንና መጽሐፉን ይዘው ወደ ጓደኛቸው ቤት ሄዱ፤ እንደ ደረሱም ስለ ጤና ከመጠየቃቸው በፊት መጽሐፉን ሰጡ።